የተሰበረ የሃውከን ኪት ጠመንጃ በድሮው ስታይል እንዴት ይታደሳል

አሜሪካ ያላችሁ ያገለገለ እቃ ገበያ ላይ ሰደፉ የተሰነጠቀ ሃውከን ሊያጋጥማችሁ ይችላል፣ ኪት ሆኖ በካርቶን መጥቶ ገዢው ራሱ ቤቱ የገጣጠመው አፈሙዝ ጎራሽ (ባሩድና ጥይቱ በአፈሙዙ በኩል የሚገባበት) ጠመንጃ። ቶምፕሰን ሴንተር የሚባለው የጠመንጃ ፋብሪካ በ1970 ያወጣው ሞዴል በጣም የታወቀው ነው ግን የናስ እቃው ያብለጨልጫል፣ ጠመንጃ ሰሪዎቹ ወንድማማቾች ጃኮብና ሳሙኤል ሃውከን ሴንት ሉዊስ ላይ ለሮኪ ተራራ አዳኞች የሰሩት ደግሞ እቃው ባብዛኛው ብረት፣ መልኩም ድብዝዝ ያለ ቡኒ ነበር። ስለዚህ ስራችን ከመጨመር ይልቅ ብልጭልጩን መቀነስ ነው።

1. መጉረስ አለመጉረሱን እዩ። ጥይቱ የሚገፋበትን ዘንግ እስኪቆም በርሜሉ ውስጥ ክተቱ፣ አፈሙዙ ጋ ምልክት አድርጉበትና አውጥታችሁ በውጪ በኩል ለኩት። እሳት የሚገባበት ቦታ ድረስ ካልደረሰ ውስጡ ባሩድ ሊኖር ይችላል፣ እዛው አቁማችሁ ለጠመንጃ ሰሪ ስጡት። በርሜሉ ያበጠ ወይ የተሰነጠቀ ከሆነም አይጠገንም፣ ይቀየራል።

2. ሰደፉ። ብዙ ጊዜ የሚሰበረው በእጅ የሚያዝበት ቀጭኑ ቦታ ላይ ነው። ብረቱን በሙሉ ፍቱ፣ የድሮ ዘይትና ሙጫ ከስንጥቁ በአሴቶን አጽዱ፣ ኢፖክሲ በደንብ አስገቡና በሳይክል ውስጠኛ ጎማ ጥብቅ አድርጋችሁ ጠምጥሙት፣ 24 ሰአት አትንኩት። ከዛ ስንጥቁን ለመደበቅ አትድከሙ! ያኔ ሜዳ ላይ የተሰበረ ሰደፍ በእርጥብ ጥሬ ቆዳ ተሰፍቶ ነበር የሚጠገነው፣ የጠፍር አልጋ የሚያውቅ ሰው ቆዳው ሲደርቅ እንዴት እንደሚጨመድድ አይነገረውም። እናንተም እንደዛው በቆዳ ስፉት፣ እኔ በበኩሌ ከሁሉም በላይ ጠመንጃውን የድሮ የሚያስመስለው ይሄ ነው ባይ ነኝ።

3. የእንጨቱ ቀለም። ቫርኒሹን ልጣችሁ አውጡ። ዝገት የሚይዝ ተራ የብረት ሽቦ (ስቴንለስ አይሰራም) አቼቶ ውስጥ ጥቂት ቀን ዘፍዝፉ፣ ጋዝ ስለሚያወጣ ክዳኑን አታጥብቁት። ውሃውን አጥልላችሁ ስትቀቡት ዋልነት ወዲያው ይጠቁራል፣ ሜፕል ከሆነ ግን ታኒን ስለሚያንሰው መጀመሪያ ወፍራም ሻይ ቀቡት። ሲደርቅ የተልባ ዘይት በስሱ እየደጋገማችሁ እሹት፣ የተጠቀማችሁበትን ጨርቅ ግን ጨብጣችሁ አትጣሉ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፣ ውጪ ዘርግታችሁ አድርቁት።

4. በርሜሉ። ጥቁር ሰማያዊ ቀለሙን በአቼቶ አንሱ፣ ቅባት እንዳይቀር አጽዱ፣ ሁለቱንም ጫፍ ድፈኑ። የብራውኒንግ ፈሳሽ (ብረቱን አዝጎ ቡኒ የሚያደርግ) በስሱ ቀብታችሁ እርጥበት ያለበት ቦታ ስቀሉት (ሙቅ ሻወር የተወሰደበት ባኞ ቤት ይሆናል)፣ ቀይ ዝገት ሲያወጣ የላላውን በሻካራ ጨርቅ ጥረጉና እንደገና ቀቡ፣ ቡኒው እኩል እስኪሆን ቀናት ሊወስድ ይችላል። በመጨረሻ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ዘይት ቀቡት።

5. ናሱ። ገንዘብ ካላችሁ በብረት ቀይሩት፣ ከሌላችሁ ፖሊሽ አታድርጉት ራሱ ይጠቁራል።

መተኮስ ካሰባችሁ መጀመሪያ ጠመንጃ ሰሪ ይየው፣ የስቴታችሁንም ህግ አጣሩ። የሚጎርሰውም ጥቁር ባሩድ ወይ ለሱ ተብሎ የተሰራ ምትክ ብቻ ነው፣ ጭስ አልባው የዘመኑ ባሩድ በርሜሉን ያፈነዳዋል።