ሊኑክስ ላይ ጌም ስትጫወቱ እነዚህን አታድርጉ

የጌም መደብሩ የስቲም ባለቤት ቫልቭ፣ የዊንዶውስ ጌሞችን ሊኑክስ ላይ የሚያስነሳውን ፕሮቶንን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 ስቲም ውስጥ ካስገባ ወዲህ ለዊንዶውስ የተሠሩ እጅግ ብዙ ጌሞች ሊኑክስ ላይ ይሠራሉ። ያም ሆኖ «ሊኑክስ ለጌም አይሆንም» ብሎ ወደ ዊንዶውስ የሚመለስ ሰው አሁንም አለ። ኮምፒውተሩ ሲታይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከታች ካሉት አንዱ ሆኖ ይገኛል።

የዊንዶውስን ዲስክ ለስቲም መስጠት

ይህን ማስረዳት ያሰለቻል፤ ስህተቱ ግን አልቆመም። ሰውየው አንድ ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስም ሊኑክስም ጭኗል፣ ጌሞቹ ደግሞ ዊንዶውስ «ዲ» በሚለው ዲስክ ላይ ናቸው። 80 ጊጋባይት እንደገና ላለማውረድ ሲል ያንኑ የኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውስ የፋይል አያያዝ ሥርዓት) ዲስክ ሊኑክስ ላይ ላለው ስቲም ላይብረሪ (የጌም ማስቀመጫ) አድርጎ ያስገባዋል። በሞባይል ዳታ የሚያወርድ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ከዚያ «ፕሌይ» ይጫናል፣ ቁልፉ ለአፍታ «ስቶፕ» ይሆንና ተመልሶ «ፕሌይ» ይላል። የስህተት መልእክት የለም፣ ጌሙም የለም።

ፕሮቶን ለእያንዳንዱ ጌም ዊንዶውስን የሚመስል የራሱን ፎልደር ያዘጋጃል። ቦታው «ስቲምአፕስ» ሥር ያለው «ኮምፓትዳታ» ነው፤ ፎልደሩ የሚጠራውም በጌሙ መለያ ቁጥር ነው። እዚያ ውስጥ «ሲ» እና «ዜድ» የሚባሉ፣ ከፊደሉ ቀጥሎ ሁለት ነጥብ (:) ያለባቸው ሲምሊንኮች፣ ማለትም ወደ ሌላ ቦታ የሚጠቁሙ አቋራጮች፣ ይፈጠራሉ። ዊንዶውስ ደግሞ በፋይል ስም ውስጥ ይህን ምልክት አይቀበልም። ሊኑክስ ቢጽፈውም፣ ዊንዶውስ በኋላ ዲስኩን ሲፈትሽ የተበላሸ ፋይል አገኘሁ ብሎ ሊጠግነው ይነሳል። በዚያ ጥገና የሚሄደው ሲምሊንኩ ብቻ ከሆነ ተመስገን ነው።

በዚህ ላይ ፋስት ስታርትአፕ አለ። ዊንዶውስ ሻት ዳውን ሲባል ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ በከፊል አንቀላፍቶ ዲስኩን እንደያዘ ይቆያል። ሊኑክስ እንዲህ ያለውን ዲስክ ለንባብ ብቻ ይከፍተዋል፣ አለዚያም ጭራሽ አይከፍተውም፤ ስቲምም «ዲስክ ራይት ኤረር» ይላል። በግድ የሚያስከፍቱ ትእዛዞች ኢንተርኔት ላይ ሞልተዋል። አትሞክሯቸው፤ ፋይል ያጠፋሉ። ፋስት ስታርትአፕን ከዊንዶውስ የፓወር ኦፕሽንስ ገጽ ማጥፋት ይቻላል። እስከዚያው ከሻት ዳውን ይልቅ ሪስታርት ብትጠቀሙ ዊንዶውስ በትክክል ይዘጋል።

ትክክለኛው መንገድ ለጌም ኢኤክስቲ4 (የሊኑክስ የፋይል አያያዝ ሥርዓት) የሆነ ፓርቲሽን፣ ማለትም የዲስክ ክፍል፣ መለየት ነው። ጌሙን ግን እንደገና ማውረድ አያስፈልግም። አዲሱ ፓርቲሽን ላይ የስቲም ላይብረሪ ፍጠሩ። ከአሮጌው ዲስክ «ስቲምአፕስ» ውስጥ «ኮመን» ሥር ያለውን የጌሙን ፎልደር ስሙን ሳትቀይሩ ወደ አዲሱ «ኮመን» ኮፒ አድርጉ። ጌሙ የሊኑክስ ስሪትም ካለው፣ ኢንስቶል ከማለታችሁ በፊት ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ኮምፓቲቢሊቲ» ገብታችሁ ፕሮቶንን ምረጡ። አለዚያ ስቲም የሊኑክሱን ፋይሎች ፈልጎ ማውረድ ይጀምራል። ከዚያ «ኢንስቶል» በሉ፤ ስቲም ያሉትን ፋይሎች አይቶ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። ኤክስፋት የሚባለው ሌላ የፋይል አያያዝ ሥርዓት እንደ አማራጭ አይታሰብ፣ ሲምሊንክ የሚባል ነገር አያውቅም።

የኤንቪዲያን ድራይቨር ከድረ ገጽ አውርዶ መጫን

ይህ የዊንዶውስ ልማድ ነው። ሊኑክስ ላይ ድራይቨሩ፣ ማለትም የግራፊክስ ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር፣ የሚመጣው ከዲስትሮው (ከምትጠቀሙት የሊኑክስ ዓይነት) ነው፤ ኡቡንቱ ከሆነ «አዲሽናል ድራይቨርስ» የሚለውን ክፈቱና የሚመከረውን ምረጡ። ከድረ ገጽ ያወረዳችሁት ፋይል ዛሬ ይሠራል። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ሲታደስ ግን ድራይቨሩ አብሮት ካልተገነባ ጥቁር ስክሪን ላይ ትቀራላችሁ። ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ሶፍትዌር ከኮምፒውተሩ ጋር እንዳይነሳ የሚከለክለው) የበራ ከሆነ ደግሞ ከጭነቱ በኋላ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል። እሱን ዝም ብሎ ማለፍ የተለመደ ጥፋት ነው። «ኢንሮል» የሚለውን መርጣችሁ፣ ስትጭኑ ያወጣችሁትን ፓስወርድ አስገቡ፤ ካለፋችሁት ከርነሉ ድራይቨሩን አይቀበለውም። የኤኤምዲ ካርድ ያላችሁ ሰዎች ከዲስትሮው ጋር የሚመጣው ድራይቨር፣ ሜሳ፣ ይበቃችኋል፣ ሌላ ምንም አትጫኑ።

አንቲ ቺት ሳያዩ ዊንዶውስን ማጥፋት

አንቲ ቺት በኦንላይን ጌም ማጭበርበርን የሚከላከል ሶፍትዌር ነው። በእሱ ምክንያት ቫሎራንት ሊኑክስ ላይ አይሠራም። ፎርትናይትም አይሠራም። ኤፔክስ ሌጀንድስ ይሠራ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2024 መገባደጃ ላይ ግን ሊኑክስን ዘጋ። ኢዚ አንቲ ቺትም ባትልአይም ከፕሮቶን ጋር መሥራት ይችላሉ፤ ፈቃዱ ያለው ግን በጌሙ ባለቤት እጅ ነው፣ እናንተ በምንም ማስተካከያ አትከፍቱትም። ተጫዋቾች የትኛው ጌም እንደሚሠራ በሚዘግቡበት ድረ ገጽ፣ ፕሮቶንዲቢ፣ ላይ የጌሙን ስም አስገብታችሁ፣ ሜዳሊያውን (ደረጃውን) ብቻ ሳይሆን የቅርብ ወራቱን አስተያየቶች አንብቡ።

በአሮጌ የግራፊክስ ካርድ ላይ አዲስ ፕሮቶን

ያገለገለ ኮምፒውተር ለገዛ ሰው ይህ ወሳኝ ነው። ከፕሮቶን 8 ጀምሮ ካርዱ ቩልካን 1.3ን፣ ማለትም ፕሮቶን ከካርዱ ጋር የሚነጋገርበትን ሥርዓት፣ መደገፍ አለበት። እንደ ጂቲኤክስ 660 እና 770 ያሉት የኤንቪዲያ ካርዶች ድራይቨራቸው በ470 ተከታታይ ላይ ስለቆመ እዚያ አይደርሱም። ለእነሱ ፕሮቶን 7ን ምረጡ፤ በዳይሬክት ኤክስ (የዊንዶውስ የግራፊክስ ሥርዓት) 11 እና ከዚያ በታች የተሠራ ጌም ብዙውን ጊዜ ይነሳል። ዳይሬክት ኤክስ 12ን ግን ተስፋ አታድርጉበት። ካርዳችሁ ምን እንደሚደግፍ ለማወቅ ተርሚናል ላይ «ቩልካንኢንፎ» የሚለውን ትእዛዝ ተጠቀሙ።

ባጭሩ የሚታለፉ ጥቂት ነገሮች አሉ። ስቲምን በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) አታስነሱ። ኡቡንቱ ላይ በስናፕ (በኡቡንቱ የራሱ የፕሮግራም ጥቅል) የመጣው ስቲም ካስቸገራችሁ አጥፉትና ቫልቭ ራሱ የሚያቀርበውን የዴብ ፋይል ጫኑ። ካሊ ለደህንነት ፍተሻ የሚያገለግል ዲስትሮ እንጂ ለጌም የተሠራ አይደለም፣ ለምን ካሊ ላይ አይሠራልኝም ብላችሁ አትጠይቁ። ሁለት ካርድ ያለው ላፕቶፕ ላይ ጌሙ ከተንቀራፈፈ፣ በኢንቴሉ ላይ እየሄደ እንዳይሆን ጌሙ ላይ የኮምፒውተሩን መረጃ የሚያሳየውን ማንጎሃድን ከፍታችሁ የካርዱን ስም ተመልከቱ።

ሼደር ፕሪካሺንግን (ስቲም የጌሙን የግራፊክስ ፋይሎች አስቀድሞ የሚያወርድበትን) ዳታ ለመቆጠብ የሚያጠፉት ብዙ ናቸው። ይቻላል፣ ግን የአንዳንድ ጌሞች ቪዲዮ የሚመጣው በዚያው መንገድ ስለሆነ በታሪኩ መሀል ቪዲዮው ሳይታይ ቢቀር ጌሙ ተበላሸ አትበሉ።

ጌም አልነሳ ሲል «ኮምፓትዳታን አጥፋው» የሚል ምክር ይሰጣችኋል። ምክሩ ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ ነገር ግን ስቲም ክላውድ (ሴቭን ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጥ አገልግሎት) የሌለው ጌም ሴቩን፣ ማለትም የደረሳችሁበትን መዝገብ፣ የሚያስቀምጠው ብዙውን ጊዜ እዚያው ፎልደር ውስጥ፣ «ስቲምዩዘር» በሚባለው ተጠቃሚ ሥር ነው። ስለዚህ ፎልደሩን ከማጥፋት ስሙን ቀይሩት። ጌሙን ስታስነሱ ፕሮቶን አዲስ ይሠራል፤ ሴቩን ከአሮጌው ወደ አዲሱ ኮፒ ካደረጋችሁና ጌሙ ከከፈተው በኋላ አሮጌውን አጥፉ።