ኤምኤስ ያለባት ሴት ክብደት ስታነሳ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። መልቲፕል ስክለሮሲስ (ኤምኤስ) የሚባለው የነርቭ በሽታ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን አብዝቶ ስለሚይዝ አብሬያቸው የምሠራው በአብዛኛው ከሴቶች ጋር ነው። አንድ ስህተት ግን በጣም ስለበዛብኝ ዝም ማለት አቃተኝ።

እሱም ሙቀት ያመጣውን ድክመት የበሽታው መባባስ አድርጎ መቁጠር ነው። አንዲት እናት ለሁለት ሳምንት ጎበዝ ሆና ስትሠራ ቆየች። አንድ ቀን ስኳት (ቁጭ ብድግ) እየሠራች አንድ ዓይኗ ደበዘዘ፣ እግሯ ከበዳት። ደንግጣ ሄደች። በማግስቱ ስደውል «በሽታዬን ቀሰቀስኩት፤ በቃኝ» አለችኝ። ስንት ሰዓት ቆየብሽ? «ኧረ ቤቴ ገብቼ በቀዝቃዛ ውኃ ስታጠብ ተወኝ።»

ተወኝ! መልሱ እኮ እዚያው ነው። ኤምኤስ የነርቭን ሽፋን ይጎዳል። ሽፋኑ የተጎዳ ነርቭ ደግሞ ሲሞቅ መልእክት ማስተላለፍ ያቅተዋል። የሰውነት ሙቀት በግማሽ ዲግሪ መጨመሩ ብቻ ሊበቃ ይችላል። ሲበርድልሽ ይመለሳል፤ አዲስ ጉዳት አልደረሰም። ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ቪልሄልም ኡትሆፍ ኤምኤስ ያለባቸው ሰዎች ሰውነታቸውን ሲያንቀሳቅሱ ዓይናቸው ለጊዜው እንደሚደበዝዝ እ.ኤ.አ. በ1890 ጽፎታል። እስከ ዛሬ ግን ስንት ሴት በዚህ ፍርሃት ስፖርት አቁማለች!

ስለዚህ ጠዋት ሰውነትሽ ቀዝቀዝ ሲል ሥሪ። ማራገቢያ ክፈቺ፣ እርጥብ ፎጣ አንገትሽ ላይ ጣል አድርጊ። በየዙሩ መሀል ከ2 እስከ 4 ደቂቃ እረፊ። ወር አበባሽ ሊመጣ ሲል የሰውነት ሙቀት ትንሽ ከፍ ስለሚል በእነዚያ ቀናት ክብደቱን ብትቀንሺ ምንም አይደለም። አዲስ ምልክት መጥቶ ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ግን ሌላ ነገር ነው፤ አቁሚና ሐኪምሽን አነጋግሪ።

እኔም አጥፍቻለሁ። ሥራ እንደጀመርኩ አንዲት ወጣት ይህንኑ ስትነግረኝ «እንግዲያው እረፊ» አልኳት። ለወራት አረፈች። ስትመለስ ያለ እጇ እርዳታ ከወንበር መነሳት አልቻለችም። በሽታው ብቻ አልነበረም ያደከማት፤ ጡንቻዋ ሥራ ፈትቶ ሟሸሸ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሌላው እስኪያቅት ድረስ ማንሳት ነው። ከመታመማቸው በፊት ጂም የለመዱ ሴቶች ይህን መተው ይከብዳቸዋል፤ ይገባኛል። ግን ከ10 እስከ 15 ጊዜ የምታነሺውን ክብደት ያዢና ሁለት ሦስት ጊዜ የማንሳት አቅም ሲቀርሽ አቁሚ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ቀናቱን አራርቀሽ። በማግስቱ የቤትሽን ሥራ መሥራት ካቃተሽ በዝቶብሻል ማለት ነው።

ሁለቱን እግር አንድ ላይ ብቻ አታሠሪ፤ ጠንካራው ይሸከምና ደካማው ያርፋል። ለየብቻ ሥሪያቸው፣ ከደካማው ጀምሪ።

ሚዛን የሚያስትሽ ከሆነ ቁጭ ብለሽ አንሺ።

ሽንት ያጣድፈኛል ብለሽ ውኃ አትተዪ። የወፈረ ሽንት ፊኛን ይበልጥ ያስቆጣል።

ለውጥን በኪሎ ብቻ መለካትም ያሳዝነኛል። ያቺ እናት ተመልሳ መጣች። ከጥቂት ወራት በኋላ የነገረችኝ ስለ ዳምቤል አልነበረም። ክንዷን ሳታሳርፍ ፀጉሯን ታጥባ መጨረሷን ነበር የነገረችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። ሙቀት ሲበዛ አሁንም አንዳንዴ ዓይኗ ይደበዝዛል። ቁጭ ትላለች፣ ቀዝቃዛ ውኃ ትጠጣለች፣ ሲጠራላት ትቀጥላለች።