ከቁርባን በፊት፣ ከቁርባን በኋላ

ብዙዎቻችን ካቶሊኮች ቁርባን የምንቀበለው እንደ ታክሲ ሰልፍ ነው። የፊተኛው ሲራመድ እንራመዳለን፣ ተራ ሲደርስ እንቀበላለን፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ በር። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ነበርኩ። አንድ እሁድ ግን ካህኑ ጋ ለመድረስ ሦስት ሰው ሲቀረኝ አፌ ውስጥ ማስቲካ እንዳለ ትዝ አለኝ። ልዋጠው? በእጄ ልያዘው? ጨነቀኝ። ከሰልፉ ወጥቼ ቦታዬ ተመለስኩ። አጠገቤ የነበሩት እናት ነገሩ ገብቷቸው ኖሮ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁብኝ።

ዝግጅትን ከምር የያዝኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ቅዳሜ ማታ ጀምሩ። የነገውን ንባብ ቀድማችሁ አንብቡት። በግዕዝ ሥርዓት፣ ማለትም በአገራችን የቅዳሴ ሥርዓት ከሆነ የምትቀድሱት ከጳውሎስ፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክቶች፣ ከሐዋርያት ሥራና ከወንጌል የሚነበብ አለ። አራቱንም ማንበብ ከከበዳችሁ ወንጌሉ ብቻ ይበቃል። ከዚያ መብራት ከማጥፋታችሁ በፊት ሳምንቱን መለስ ብላችሁ እዩት፤ ማንን አስቀየምኩ፣ ምን ዋሸሁ፣ የማንን ገንዘብ ይዣለሁ።

ከባድ ኃጢአት ካለ ያለ ኑዛዜ ወደ ቁርባን አይቀረብም። እዚህ ላይ የምናጠፋው ጥፋት አለ፤ አባ ለቅዳሴ ልብስ ሲለብሱ ሮጠን ሄደን «አንድ ደቂቃ ብቻ» እንላለን። እሳቸውም ይቸኩላሉ፣ እኛም የምንናገረው ይጠፋናል። በሥራ ቀን ወይም ቅዳሜ ከሰዓት ሂዱ። ከመጨረሻው ኑዛዜ ስንት ጊዜ እንደሆነ ተናገሩ፣ የሠራችሁትን ከነብዛቱ ንገሩ፣ አበቃ። የአማታችሁን ኃጢአት ለአማታችሁ ተዉላት።

በጣም የሚከብደው ግን ይሄ አይደለም፤ እርቅ ነው። ጌታ በማቴዎስ 5፡23-24 መባህን መሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ ይላል። በግዕዝ ቅዳሴም ሰላምታ የምንሰጣጠው ጸሎተ አኰቴቱ (ዋናው የምስጋና ጸሎት) ከመጀመሩ በፊት ነው፣ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ»፣ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ሲል፤ ቅደም ተከተሉ ራሱ የወንጌሉን ቃል ይመስላል። እኔ ከወንድሜ ጋር በእቁብ ብር ተኳርፈን አራት ወር አልተነጋገርንም ነበር። ከጎኔ ላለው ለማላውቀው ሰው አንገቴን ሰበር አድርጌ ሰላም እላለሁ፣ የወንድሜን ስልክ ግን አላነሳም። ቅዳሜ ማታ ደወልኩለት። ስለ ብሩ አልተስማማንም፣ ግን ተነጋገርን።

ጾሙን በተመለከተ፣ በላቲን ሥርዓት፣ ማለትም ከሮም በመጣው የቅዳሴ ሥርዓት፣ ሕጉ ከመቁረብ በፊት ለ1 ሰዓት መጾም ነው። ሰዓቱ የሚቆጠረው ቅዳሴው እስከሚጀመርበት ሳይሆን እስከምትቆርቡበት ድረስ ነው። ውሃና መድኃኒት አያፈርሱም፤ ሽማግሌዎች፣ ሕሙማንና አስታማሚዎቻቸውም አይገደዱም። ድሮ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ውሃ እንኳ አይቀመስም ነበር፤ ውሃው የተፈቀደው በ1953፣ ወደ 1 ሰዓት የወረደው ደግሞ በ1964 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በግዕዝ ሥርዓት የየደብራችሁን ልማድ ካህኑን ጠይቁ። ኦርቶዶክስ ዘመዶቻችን 18 ሰዓት እንደሚጾሙ እያየሁ፣ ለአንድ ሰዓት ስል ፒያሳ ላይ ማኪያቶ ፍለጋ መዞር አሳፍሮኝ ተውኩት። (የለመድኳት ማኪያቶ ቤትም ፈርሳለች፣ ስለዚህ ጽድቁ የኔ ብቻ አይደለም።)

ቅዳሴው ውስጥ አንድ ቦታ ልብ በሉ። ካህኑ «ይህ ሥጋዬ ነው» የሚለውን የጌታን ቃል ሲጨርስ ሕዝቡ «አሜን አሜን አሜን፣ ነአምን ወንትአመን» ይላል። እናምናለን፣ እንታመናለን ማለት ነው። ግዕዙን በዜማው ስለምናውቀው ትርጉሙን ሳናስበው ያልፋል። እኔ በዚያች ሰዓት ድምፄን ቀነስ አድርጌ ቃሉን በአማርኛ በልቤ እደግመዋለሁ። ሰልፉ ላይ ስሆን ሌላ ጸሎት አልጨምርም። ካህኑ ሲሰጣችሁ «አሜን» በሉ፣ ጥርት አድርጋችሁ። በእጅ የሚሰጥበት ቦታ ከሆነ እዚያው ካህኑ ፊት ተቀበሉ እንጂ ይዛችሁ አትሂዱ።

ከዚያ ቁጭ በሉ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የክርስቶስ ህልውና የኅብስቱና የወይኑ መልክ እስካለ ድረስ ይቆያል ነው የሚለው። እኛ ግን «እትዉ በሰላም»፣ በሰላም ግቡ ሳይባል ታክሲ ይዘናል። እንግዳ ጠርታችሁ ገና ሲቀመጥ ጥላችሁት ትወጣላችሁ? ቢያንስ 10 ደቂቃ ስጡት። የምትሉት ከጠፋችሁ ቅዳሜ ማታ ካነበባችሁት ወንጌል አንድ ዓረፍተ ነገር ያዙ።

መቁረብ የማትችሉበት እሁድም ይኖራል። ቅሩ አልልም፤ ኑ። ተቀምጣችሁ ጌታን በልባችሁ በመመኘት በመንፈስ ልትቆርቡ ትችላላችሁ፣ ማንም ሊቆጥራችሁ አይገባም። ሰው ለምን እንዳልቆረበ መጠየቅም ነውር ነው፤ ማስቲካም ሊሆን ይችላል።

በሥራ ቀን አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ ጉዳይ ካላችሁና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ክፍት ካገኛችሁ ጥቂት ደቂቃ ግቡ። ቅዱስ ቁርባኑ ያለበት ቦታ መብራት ይበራል፣ እሱ ፊት ተቀመጡ። ስልካችሁን ግን አጥፉ። ንዝረት ላይ ማድረግ ማጥፋት አይደለም፤ ጭር ባለ ቤተ ክርስቲያን የእንጨት መቀመጫ ላይ ሲንቀጠቀጥ ከደወሉ ይብሳል።