መካኒክ ጀልባው ድረስ ሲጠራ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ጀልባን ጎትቶ ጋራዥ ማድረስ አድካሚ ነው። ተጎታች ይፈልጋል፣ ጉልበት ያለው መኪና ይፈልጋል፣ ቀኑንም ይበላል። ስለዚህ የመሣሪያ ሣጥኑን ይዞ ጀልባው ወዳለበት የሚመጣ መካኒክ ትልቅ እፎይታ ነው። ይሁንና ይህ ባለሙያ የጎደለውን ዕቃ ከመደርደሪያ አንሥቶ አይመለስም፤ ያለው መኪናው ላይ የጫነው ብቻ ነው። የሚጭነውን የሚወስነው ደግሞ በስልክ በሰማው ነገር ነው። አብዛኞቹ ስህተቶች መካኒኩ ገና ሳይደርስ የሚፈጸሙት ለዚህ ነው።

«ሞተሩ አልነሣ አለኝ» ብሎ መጥራት

ይህች አንዲት አባባል ቢያንስ አራት የተለያዩ ብልሽቶችን ትሸፍናለች። ቁልፉ ሲዞር ምንም ድምፅ ከሌለ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑን አስቀድመው ይዩ። «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ ባትሪው፣ የላላ ወይም የዛገ የባትሪ ገመድ፣ ካልሆነም ሞተሪኖው ይጠረጠራል። ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ሞተሩ ካልተቀበለ ጉዳዩ የነዳጅ ወይም የካንዴላ ነው፤ ያኔም የአደጋ ጊዜ ማጥፊያው ገመድ ቦታው ላይ መሆኑን መፈተሽ አይርሱ። ተነሥቶ ትንሽ ቆይቶ የሚጠፋ ከሆነ ነዳጅ እየደረሰው ላይሆን ይችላል። የነዳጅ ታንከሩ ክዳን ላይ ያለችው አየር ማስገቢያ ተዘግታ ስትገኝ አይቻለሁ፤ ይህ መካኒክ የሚያስጠራ አይደለም።

ቮልት መለኪያ ካለዎት ባትሪውን ለክተው ቁጥሩን ይንገሩ። የተለመደው 12 ቮልት ባትሪ ሙሉ ሲሆንና ሞተሩ ጠፍቶ ሲያርፍ 12.6 ገደማ ያሳያል። ድምፁን በስልክ ቀርጾ መላክ ደግሞ ከማንኛውም ገለጻ ይበልጣል።

የሞተሩን ቁጥር አለመላክ

አንድ ጊዜ «40 የፈረስ ጉልበት ነው» ብዬ የሞተሩን ስም ብቻ ነግሬ መካኒክ ጠራሁ። የውኃ ፓምፑን ጎማ ይዞ መጣ፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ውኃ የሚገፋው ባለ ክንፉ ጎማ ነው። የሞተሩን የታችኛውን ክፍል አውርዶ አሮጌውን ጎማ ካወጣ በኋላ ሁለቱን መዳፉ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። የክንፎቹ ቁጥር አንድ ነው፣ የመሐል ቀዳዳውም አንድ ነው። አዲሱ ግን በትንሹ አጭር ነበር። ያቺ ትንሽ ልዩነት ሞተሩን ፈታትቶ ትቶ እንዲሄድና ሌላ ቀን እንዲመለስ አደረገችው። የሁለት ቀን ሒሳብ ከፈልኩ።

አንድ ዓይነት ጉልበት ያላቸው ሞተሮች በተሠሩበት ዓመት ብቻ መለዋወጫቸው ይለያያል። ከጀልባው ኋላ በሚንጠለጠለው ሞተር ላይ፣ ሞዴሉና ተከታታይ ቁጥሩ የተጻፈበት ሰሌዳ አብዛኛውን ጊዜ ከጀልባው ጋር በሚያያዝበት ማሰሪያ ላይ ይገኛል። ሰሌዳውን ጠርገው ፎቶ ያንሡና ይላኩ።

ሞተሩን ያለ ውኃ ማስነሣት

መካኒኩ ድምፁን እንዲሰማ ብሎ መሬት ላይ ያለን ሞተር «ለአፍታ» ማስነሣት የተለመደ ነው፤ ያቺ አፍታ ግን በቂ ጉዳት ታደርሳለች። የፓምፑ ጎማ የሚለሰልሰው በሚያልፍበት ውኃ ነው። ውኃ ሲያጣ ከብረቱ ጋር እየተፋተገ ይግላል፣ ክንፎቹም ይቆረጣሉ። የውኃ ቱቦ የሚገጠምበትን ማስገቢያ ሳያዘጋጁ ቁልፉን አይንኩ። ሞተሩ ሲሠራም ከጎኑ የምትወጣዋ ቀጭን የውኃ መስመር መኖሯን ይዩ።

ጎማው ከተቀየረ ደግሞ አሮጌውን ጠይቀው ክንፎቹን ይቁጠሩ። የጎደለ ክንፍ ካለ፣ ቁራጩ ማቀዝቀዣው መተላለፊያ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ተፈልጎ ካልወጣ አዲሱ ጎማ ምንም ያህል ቢሠራ ሞተሩ መጋሉን አይተውም።

የመኪና መካኒክና የመኪና ዕቃ

ይህን ከሁሉም በላይ አጥብቄ እናገራለሁ፤ ሰው ሊሞትበት ይችላልና። የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል። መኪና ላይ ቢያፈስ ሥሩ ክፍት ስለሆነ ይበተናል። ሞተሩ ውስጡ ያለ ጀልባ ግን እንደ ገበቴ ነው፤ ተኑ ሆዱ ውስጥ ተኝቶ ብልጭታ ይጠብቃል። ለጀልባ የሚሠሩ ሞተሪኖና ዲናሞዎች በውስጣቸው የሚፈጠረው ብልጭታ ውጭ ያለውን ተን እንዳያቀጣጥል ተደርገው የተዘጋጁ ናቸው። የመኪናው ዓይነት መልኩ ይመሳሰላል፣ ቡሎኑም ሊገጥም ይችላል፣ ዋጋውም ይረክሳል። ጎበዝ የመኪና መካኒክ ይህን ልዩነት ካልሰማ በቅንነት ይገጥመዋል። «ይህ ዕቃ ለጀልባ የተሠራ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ የማያሳየኝን አላስገጥምም።

እንዲህ ባለው የቤንዚን ጀልባ ላይ ከጥገና በኋላ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ተኑን ከሆዱ የሚያስወጣው አየር ማውጫ ቢያንስ ለ4 ደቂቃ ይሥራ። መካኒኩ ቢቸኩልም እርስዎ አይቸኩሉ።

ቦታውን ሳያመቻቹ መጠበቅ

ብዙ የጀልባ ማቆሚያዎች ከውጭ የሚመጣ ባለሙያ የመድን ወረቀት እንዲያሳይ ይጠይቃሉ፤ ብየዳና ቀለም የሚከለክሉም አሉ። በር ላይ የሚመለሰው መካኒክ የጉዞውን ያስከፍላል፤ ስለዚህ አስቀድመው ይደውሉ። ከውኃ ወለል በታች ያለን ቀዳዳ ወይም ቧንቧ የሚነካ ሥራ ከሆነ ጀልባው መውጣት አለበት፤ ይህን በቀጠሮው ላይ ይስማሙ።

ዘይት ሲቀየር አንድ ነገር ይዘነጋል። ከጀልባው ሆድ ውኃ የሚያወጣው ፓምፕ በራሱ የሚነሣ ከሆነ፣ የፈሰሰውን ዘይት ወደ ውጭ ይረጨዋል። ሥራው ሳይጀመር ይጥፋ፣ የፈሰሰው በጨርቅ ይመጠጥ። ሲያልቅ ግን መልሶ ማብራት የእርስዎ ኃላፊነት ነው፤ ጠፍቶ የቀረ ፓምፕ ጀልባን በሌሊት ያሰጥማል።

ሲበላሽ ብቻ መጥራት

ለብዙ ሞተሮች ሰርቪስ በየ100 ሰዓቱ ወይም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከሁለቱ ቀድሞ በደረሰው ነው። መካኒኩ ለዚህ ሲመጣ የካምቢዮውን ዘይት ሲያፈስ አብረው ይቁሙ። ወተት መስሎ ከወጣ ውኃ ገብቶበታል። መንሥኤው ብዙ ጊዜ ከፕሮፔለሩ ኋላ ዘንጉ ላይ የተጠመጠመ የዓሣ ማጥመጃ ክር ነው፤ ዘይት መያዣውን ጎማ ይቆርጠዋል። ሞተሩ ላይ የታሰሩት፣ በሌላው ብረት ፈንታ ዝገት የሚበላቸው የብረት ቁርጥራጮችም ግማሽ ከደረሱ ይቀየሩ። ለጨው ውኃ ዚንክ፣ ለጨው አልባ ውኃ ማግኒዥየም፣ ለሁለቱም አሉሚኒየም ይሆናል። ቀለም ግን አይቀቡ፤ ከተቀቡ ሥራቸውን ያቆማሉ።

ሳይሞክሩ መክፈል

መሬት ላይ ያማረ ድምፅ ብዙም አይናገርም፤ ሞተሩ ሸክም የለበትማ። መካኒኩን ይዘው ውኃ ላይ ይውጡ። ነዳጁ ሙሉ በሙሉ ሲሰጠው የዙሩ ቁጥር በማኑዋሉ ላይ በተጻፈው ክልል ውስጥ መግባቱን፣ ሙቀቱም አለመጨመሩን ይዩ። የተቀየረው ዕቃና ሞተሩ የሠራበት ሰዓት በወረቀት ይጻፍልዎ።

ተመልሰው ጀልባውን ሲያስሩም ሞተሩ ሳይበርድ ሽፋኑን ይክፈቱ። ነጭ ጨርቅ ረጅም እንጨት ላይ ጠቅልለው በአዲሱ መገጣጠሚያ ሥር ያስኪዱት። ብርድ ላይ የማትታይ ጠብታ ትኩሱ ላይ ነው የምትወጣው፤ መካኒኩም ገና መሣሪያውን አልሰበሰበም።