ከሳንባ ነቀርሳ የዳነ ሰው ለታመመ ጎረቤቱ እንዴት ይድረስ?

እኔ የመንዝ ሰው ነኝ፤ ለታመመ ጎረቤት መድረስ የጀመርሁት 6 ወር ሙሉ መድኃኒት ወስጄ ከሳንባ ነቀርሳ ከዳንሁ በኋላ ነው።

ሳሉ 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየበትን ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይዘውት ይሂዱ፤ መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። አብረውት የሚኖሩትም ይመርመሩ። መድኃኒቱ ሲጀመር ሽንት ወደ ብርቱካንማ ቀይ ይለወጣል፤ እኔ ደም መስሎኝ ክኒኑን ልተው ነበርና ይህን አስቀድመው ይንገሩት።

ከሁሉ የሚያሰጋው ሳሉ ቆሞ ሰውነት ሲመለስ ነው፤ ታማሚው የዳነ ይመስለዋል፣ ነገር ግን ካቋረጠ በሽታው መድኃኒቱን ተላምዶ ሊያገረሽ ስለሚችል፣ የታዘዘለት ጊዜ እስኪሞላ በየቀኑ ሲውጥ አጠገቡ ይቀመጡ።

በኅዳር ውርጭ መስኮት መክፈት ይከብዳል፤ ሆኖም ፀሐይ ስትሞቅ ይክፈቱለት፣ ባናውንም ያልብሱት። ዕቃውን ግን አይለዩበት፤ በሽታው የሚተላለፈው በትንፋሽ እንጂ በዕቃ አይደለም። ጆሮዋ የተላጠ የቆርቆሮ ኩባያዬን ለብቻዋ መደብ ጥግ ተቀምጣ ማየት ከሳሉ ይልቅ ያመኝ ነበር፤ ስለዚህ ጎረቤቴን ስጠይቅ ቡናውን አብሬው እጠጣለሁ።