ስናፕሾት ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ገላን፣ ዱከም፣ ሰበታና ለገጣፎ አካባቢ ባሉ ፋብሪካዎችና ትምህርት ቤቶች አንድ ሰርቨር ሦስት አራት ቨርቹዋል ማሽኖችን (በሶፍትዌር የተፈጠሩ ኮምፒውተሮችን) ተሸክሞ ሲሠራ ማየት የተለመደ ነው። ባለሙያው ማሻሻያ ከመጫኑ በፊት ስናፕሾት፣ ማለትም ችግር ቢመጣ ማሽኑን ወደዚያ ቅጽበት ለመመለስ የሚያስችል ምልክት፣ ይወስዳል፤ ያም ጥሩ ልማድ ነው። ነገር ግን ስናፕሾት የዲስኩ ሙሉ ቅጂ አይደለም። ዋናው የዲስክ ፋይል እንዳይጻፍበት ይደረጋል፤ ከዚያ ወዲህ የሚጻፈው ሁሉ ወደ ሌላ የልዩነት ፋይል ይገባል። ዋናው ፋይል ከተበላሸ ስናፕሾቱም አብሮ ይጠፋል።

ማሽኑ በድንገት ቆመ፤ ማከማቻው ሞልቷል ይላል

የልዩነት ፋይሉ በየቀኑ እያደገ ማከማቻውን ጨርሶታል። ብዙ ጊዜ ለወራት የተረሳ ስናፕሾት አለ ማለት ነው። የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር የሚሠራው ቪኤምዌር አንድን ስናፕሾት ከ72 ሰዓት በላይ እንዳናቆይ ይመክራል፤ አንዱን በሌላው ላይ እየቀጠሉ በሰንሰለት እስከ 32 መውሰድ ቢፈቅድም ከሁለት ወይም ከሦስት ባይበልጥ ይሻላል ይላል። እባካችሁ ትልቁን ፋይል ከማህደሩ ውስጥ በእጅ አታጥፉት። ከስናፕሾቱ ወዲህ የተሠራው ሥራ በሙሉ ያለው እዚያው ውስጥ ነው። መጀመሪያ የመጫኛ ፋይሎችን ወደ ሌላ ቦታ አዛውሩ፤ ብዙም የማያስፈልግ ሌላ ማሽን እየሠራ ካለ ዝጉት። ቦታ ሲገኝ ስናፕሾቱን ከቨርቹዋል ማሽኖቹ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም ሰርዙት። እዚያ መሰረዝ ማለት የልዩነቱን ፋይል ከዋናው ጋር ማዋሃድ ነው። ሥራው ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩ እንደሚነሳ ሳታረጋግጡ አትጀምሩት።

ማሽኑ ወደ ስናፕሾቱ ተመለሰ፤ የሳምንቱ ሥራ ግን የለም

ሒሳብ ሠራተኛዋ የሒሳብ ፕሮግራሙን ፒችትሪን ስትከፍት ከሰኞ ወዲህ ያስገባቻቸው ደረሰኞች አንድም የሉም። ወደ ኋላ መመለስ ፕሮግራሙን ብቻ ለይቶ አይመልስም፤ ዲስኩን ከነመረጃው ነው የሚመልሰው። ስለዚህ ከመመለሳችሁ በፊት የአሁኑን ሁኔታ በሌላ ስናፕሾት ያዙ፤ የመረጃ ማህደሩንም ወደ ውጭ ቅዱ። ይህ ሳይደረግ ከተመለሰ የጠፋውን የሚመልሰው ሌላ ቦታ የተቀመጠ መጠባበቂያ ብቻ ነው፤ እሱም ከሌለ ደረሰኞቹን ከወረቀቱ እንደገና ማስገባት ግድ ይሆናል።

ከተመለሰ በኋላ ወደ ዶሜኑ አልገባም አለ

ዶሜን ማለት የድርጅቱ ኮምፒውተሮችና ተጠቃሚዎች ከአንድ ቦታ የሚተዳደሩበት መረብ ነው። ዊንዶውስ ማሽኑ ራሱ ለዶሜኑ የሚያሳየውን የይለፍ ቃል በየ30 ቀኑ በራሱ ይለውጣል። የተመለሰው ማሽን አሮጌውን ይዞ ይመጣል፤ የዶሜን ሰርቨሩ ደግሞ አዲሱን ይጠብቃል። በማሽኑ በራሱ የአስተዳዳሪ መለያ ገብታችሁ ከዶሜኑ አስወጡትና መልሳችሁ አስገቡት። የዶሜን ሰርቨሩን ራሱን ግን በስናፕሾት አትመልሱ። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2012 በፊት በነበሩት ላይ ለዚህ ጥበቃ ስለሌለ በሰርቨሮቹ መካከል ያለው የመረጃ ልውውጥ ይዛባል።

ሰዓቱ ወደ ኋላ ቀርቷል

ስናፕሾቱ ሜሞሪውንም ይዞ ከነበረ ማሽኑ ካቆመበት ደቂቃ ይቀጥላል። ሰዓቱን ከሰዓት ሰርቨር ጋር አስተካክሉ።

«ዋናው ዲስክ ተለውጧል» ብሎ አልነሳም አለ

ይህ በጣም አስጊው ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማሽኑ እምቢ ሲል፣ አንድ የቸኮለ ሰው ዋናውን የዲስክ ፋይል ብቻ ለይቶ ከአዲስ ማሽን ጋር አያይዞ ያስነሳዋል። በዚያች ቅጽበት ዋናው ፋይል ላይ ይጻፋል፤ ከልዩነት ፋይሎቹ ጋር የነበረው መለያ ቁጥርም አይገጥምም። ደጋግማችሁ ለማስነሳት አትሞክሩ። ማህደሩን በሙሉ ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ቅዱና በቅጂው ላይ ሥሩ። በቪኤምዌር የዲስኩ መግለጫ ፋይል ተራ ጽሑፍ ስለሆነ የወላጁን (የዋናውን ፋይል) እና የልጁን (የልዩነት ፋይሉን) ቁጥር አመሳክሮ ማስተካከል ይቻላል። ቁጥሩ ተስተካክሎ ማሽኑ ቢነሳም ዋናው ፋይል በእርግጥ ተጽፎበት ከሆነ ውስጡ የተበላሸ ፋይል ይኖራል፤ ስለዚህ መረጃውን አውጥታችሁ ወደ አዲስ ማሽን አዛውሩት እንጂ በዚያው ማሽን ሥራ አታስቀጥሉበት።