የዋይክሌፍ ዣንን ታሪክ ስንናገር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በዘጠኝ ዓመቱ ገደማ ከሃይቲ ወደ ብሩክሊን የመጣው ዋይክሌፍ ዣን፣ የካሪቢያንን ዜማ ከሂፕ ሆፕ ጋር አዋህደው ለዓለም ካሰሙት ሙዚቀኞች በግንባር ቀደምነት ይጠቀሳል። ስለ እርሱ በአማርኛ የሚነገረው ግን ብዙ ጊዜ «ደሃ ስደተኛ ነበር፣ ኋላ ታዋቂ ሆነ» ከሚለው አያልፍም። ታሪኩን እንዲህ የሚያሳጥሩት ጥቂት የተለመዱ ስህተቶች ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት ካሪቢያንን ጠቅልሎ ጃማይካ ማድረግ ነው። ሻሸመኔን የሚያውቅና ቦብ ማርሌን እንደ ዘመድ የሚቆጥር አድማጭ ይህን ቢሳሳት አያስገርምም፤ እኔም ራሴ ዋይክሌፍን ለዓመታት ጃማይካዊ ይመስለኝ ነበር። ሃይቲ ግን ክሪዮልና ፈረንሳይኛ የሚነገርባት፣ በ1804 ነጻነቷን ያወጀች፣ የራሷ የሙዚቃ ስልቶች ያሏት አገር ናት። በ1950ዎቹ አጋማሽ ኔሙር ዣን ባቲስት የቀመረው ኮምፓ ጥንዶች ተቃቅፈው የሚጨፍሩበት ስልት ሲሆን፣ ራራ ደግሞ በዐቢይ ጾምና በፋሲካ ሰሞን የቀርከሃ መለከት እየተነፋ በየመንገዱ የሚታለፍበት ሰልፍ ነው። ሬጌ ለዋይክሌፍ የጎረቤት ሙዚቃ ነበር፤ ጎረቤት ደግሞ የተዋሰውን በራሱ ቤት ልክ ያደርገዋል። የዋይክሌፍ ቡድን ፉጂስ በ1996 ያወጣውን የማርሌን «ኖ ዉማን ኖ ክራይ» በጥሞና የሰማ ሰው፣ ማርሌ በኪንግስተን ትሬንችታውን ያስቀመጠውን የመንግሥት ግቢ (መንግሥት የሠራውን የጋራ መኖሪያ) ዋይክሌፍ ወደ ብሩክሊን እንዳዛወረው ያስተውላል። በዚያች የቦታ ስም ለውጥ የጃማይካው ትዝታ የሃይቲው ልጅ ትዝታ ሆነ።

ሂፕ ሆፕን «ንጹሕ አሜሪካዊ»፣ ካሪቢያንን ደግሞ ኋላ የተጨመረ ቅመም አድርጎ ማቅረብም የተሳሳተ ነው። ከኪንግስተን በ1967 ወደ ኒው ዮርክ የመጣው ክላይቭ ካምቤል፣ በመድረክ ስሙ ዲጄ ኩል ኸርክ፣ ነሐሴ 11 ቀን 1973 በብሮንክስ 1520 ሴጅዊክ ጎዳና ላይ በሚገኘው ሕንፃ ውስጥ እህቱ ላዘጋጀችው ድግስ ሙዚቃ አጫወተ። መግቢያው ለሴቶች 25፣ ለወንዶች 50 ሳንቲም ነበር። የሂፕ ሆፕ ልደት ተብሎ የሚከበረው ይህ ምሽት ነው። ትልልቅ ድምፅ ማጉያ ደርድሮ ሰፈሩን የማንቀጥቀጥ ልማድ ከጃማይካ የመጣ ሲሆን፣ ኸርክ ከአንድ ሸክላ ሁለት ቅጂ ይዞ ተጨፋሪውን የሚያነሣሣውን የከበሮ ክፍል እየደጋገመ ያስረዝም ነበር። እንግዲህ ዋይክሌፍ ሁለት ባዕዳንን አላጋባም፤ ተለያይተው የኖሩ ዘመዳሞችን አገናኘ ቢባል ወደ እውነቱ ይቀርባል።

ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈውና እኔ ግን ዋነኛ የምለው ስህተት የቡድኑን ስም እንደ ማራኪ መጠሪያ ብቻ ማየት ነው። ፉጂስ የሚለው ቃል የተቆረጠው «ሬፊውጂ» ከሚለው ነው፤ በሃይቲ ስደተኞች ላይም እንደ ስድብ ይወረወር ነበር። ከስድቡ ጀርባ የመንግሥት እጅም ነበረበት። በ1983 የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት ሃይቲያውያንን ለኤድስ ከተጋለጡ ወገኖች መደቧቸው፤ በ1990 ደግሞ የትኛውም ሃይቲያዊ ደም እንዳይለግስ ሲታገድ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የብሩክሊንን ድልድይ አቋርጠው በተቃውሞ ወጡ። በዚያ ዘመን ያደገ ልጅ ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ አገሩን መደበቅ ይቀለው ነበር። ይህ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ ነገር አይደለም፤ በጥር 1996 በእስራኤል ቤተ እስራኤላውያን የለገሱት ደም በምስጢር ይጣል እንደነበር ሲጋለጥ የተቀሰቀሰውን ቁጣ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ፉጂስን ገናና ያደረገው «ዘ ስኮር» የተባለው አልበም የወጣው በቀጣዩ ወር ነው። የሚያሸማቅቅን ስም በራስ ላይ ለጥፎ አደባባይ መውጣት ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ የማይገልጽ ትረካ የዚህን ሙዚቃ ጉልበት ከየት እንደመጣ ማስረዳት አይችልም።

ታሪኩን ከ1996 መጀመርም ሆነ የአንድ ሰው ገድል ማድረግ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ስህተቶች ናቸው። በ1994 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ገበያ አላገኘም። ሁለተኛውን በአመዛኙ የቀረጹት በኢስት ኦሬንጅ፣ ኒው ጀርሲ፣ በዋይክሌፍ አጎት ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነው። ከአጠገቡ የአጎቱ ልጅ ጄሪ ዱፕሌሲ ቤዝ ይጫወትና ያቀናብር ነበር፤ ከቡድኑ አባላት ፕራስ ሚሼል ከሃይቲያውያን ወላጆች የተወለደ ሲሆን፣ በኒው ጀርሲ የተወለደችው የቡድኑ ድምፃዊት ሎሪን ሂል ደግሞ ስደተኛ አልነበረችም። የእርሷን ድምፅ አውጥተን «የስደተኛው ስኬት» ብንል አልበሙ ራሱ ይታዘበናል። የዋይክሌፍ አባት «ቸርች ኦቭ ዘ ናዝሪን» የተባለው የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ እንደነበሩና ራፕን እንደማይወዱም መርሳት አይገባም፤ ልጁ መሣሪያ መጫወትንና በሕዝብ ፊት መቆምን የለመደው በቤተ ክርስቲያን ነውና።

በመጨረሻም፣ ክሪዮሉን እንደ ጌጥ መቁጠር አለ። በ1997 ብቻውን ባወጣው «ዘ ካርኒቫል» ከኩባዊቷ ዘፋኝ ሴሊያ ክሩዝ ጋር በስፓኒሽ ከመዝፈኑም በላይ፣ የአልበሙን መዝጊያ ዘፈኖች ለክሪዮል ሰጥቷቸዋል፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ሸማች እንደማይሰማው እያወቀ ያደረገው ነው። ከእነዚህ አንዱ «ጃስፖራ» ይባላል፤ እኛ ዲያስፖራ የምንለው ቃል መሆኑ ነው። ቃሉ በእርሱም ላይ እንደ እኛው አገር ሁለት ስለት አለው። በ2010 ከመሬት መንቀጥቀጡ በኋላ ለሃይቲ ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር፣ ሕገ መንግሥቱ ዕጩው በአገሩ አምስት ተከታታይ ዓመት እንዲኖር ስለሚያዝዝ የነዋሪነቱ ጉዳይ ጥያቄ አስነሣ፤ የምርጫ ምክር ቤቱም ስሙን ከዕጩዎች ዝርዝር ውጭ አደረገው። የበጎ አድራጎት ድርጅቱም በገንዘብ አያያዙ ብርቱ ትችት ደርሶበት በ2012 ተዘጋ። ብሩክሊን ውስጥ ሃይቲያዊ ተብሎ የተሰደበው ሰው በሃይቲ መዲና በፖርቶ ፕሪንስ የውጭ ሰው ሆኖ ተገኘ።